የመተጫጨት ወራት በእንስሳት ዓለምና በአስቂኝ ልብ ወለድ

እንግሊዛዊው ደራሲ ፒ. ጂ. ዉድሃውስ (1881–1975) በ1949 ያሳተመው አንድ ልብ ወለድ፥ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የስሪያ ወራት» ማለት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስያሜው የተወሰደው ከእንስሳት ጥናት መዝገብ ነው፤ አጋዘኖች ቀንድ ለቀንድ የሚጋጠሙበትን፥ ወፎች ላባቸውን አሳምረው የሚዘምሩበትን ጊዜ ያመለክታል። መጽሐፉ ግን የሚተርከው ስለ አጋዘንና ስለ ወፍ አይደለም፤ በሃምፕሸር አውራጃ በሚገኝ አንድ የባላባት ግቢ ዙሪያ ለመጋባት ስለሚጥሩና ጥረታቸው ስለሚሰናከልባቸው አራት ጥንዶች ነው። ሳቁ የሚጀምረው ከርእሱ ነው፤ ለአራዊት የተመደበው ቃል ሻይ ጠጪና ባርኔጣ ለባሽ ለሆኑት ጨዋ ሰዎች ተሰጥቷልና።

ይህን ዓይነት ሳቅ የአማርኛ ተናጋሪ ፈጥኖ ይረዳዋል፤ ቋንቋው ራሱ በሰውና በእንስሳ መካከል ጽኑ ድንበር አድርጓልና። ላም ኮርማ «ትፈልጋለች»፥ ኮርማውም «ያጠቃታል»፤ የዚህም ሥራ ስሙ «ስሪያ» ነው። ለሰው ሲሆን ግን ቃሉ ሁሉ ይለወጣል፤ «አጨ»፥ «ዳረ»፥ «አገባ» ይባላል። ከዚህም ሌላ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። «ዳረ» የሚለው ግሥ ባለቤቱ ሙሽራው ወይም ሙሽሪት ሳይሆኑ ወላጆቻቸው ናቸው፤ «አጨ» የሚለውም «አባቱ አጨለት» ተብሎ ይነገራል። ወንዱ በራሱ አንደበትና በራሱ ትርኢት የሴቲቱን ልብ ለማሸነፍ የሚያደርገውን የረዥም ጊዜ ጥረት በአንድ ቃል የሚጠራ ቋሚ ስም በባላገሩ አማርኛ የለም ለማለት ይቻላል። «ማሽኮርመም» አለ፤ ነገር ግን ቁም ነገርነቱ ያጠራጥራል። «ደጅ መጥናት» አለ፤ እርሱ ግን የመጣው ከጌታ ግቢ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ይቀርባል። በእንስሳት ዓለም ተባዕቱ በእንስቷ ፊት ራሱን አቅርቦ ፍርድ ይቀበላል። በእንግሊዝ አስቂኝ ልብ ወለድም እንደዚሁ ወጣቱ በልጃገረዲቱ ፊት ቀርቦ ራሱ መናገር ግድ ይሆንበታል። በብዙ የኢትዮጵያ ልማዶች ግን ይህን ሸክም የሚሸከሙት ሽማግሌዎች ናቸው። ሦስቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ለሦስቱም ብርሃን ይሰጣል፤ በተለይም እንቢ የማለት መብት በማን እጅ እንዳለ ያሳያል።

ስለ ወራቱ

እንስሳ በተወሰነ ወራት የሚራባበት ምክንያት ቀላል ነው። ግልገሉ ወይም ጫጩቱ ምግብ በሚበዛበት ጊዜ የተወለደለት ወላጅ ዘሩ ይተርፍለታል፤ ያለ ጊዜው የወለደው ዘሩ ይጠፋበታል። በብዙ ትውልድ ውስጥ የቀሩት ጊዜያቸውን የጠበቁት ናቸው። እንስሳው ግን የምግቡን መብዛት አስቀድሞ ማየት ስለማይችል፥ መምጣቱን የሚያመለክተው ሌላ ምልክት ያስፈልገዋል። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ዋናው ምልክት የቀን ርዝመት ነው። በለንደን በክረምት አጋማሽ የፀሐይ ብርሃን የሚቆየው 8 ሰዓት ገደማ ሲሆን በበጋ አጋማሽ ከ16 ሰዓት ያልፋል። ቀኑ እየረዘመ ሲሄድ በወፍ አንጎል ውስጥ ያሉ ብርሃን የሚቀበሉ ሕዋሳት ይነቃሉ፤ ከአንጎል በታች ያለችውም ዕጢ ትእዛዝ ትሰጣለች፤ በክረምት እጅግ አንሰው የነበሩት የመራቢያ አካላት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያድጋሉ። ከዚህ በኋላ መዝሙሩና ጭፈራው ይከተላል።

በአዲስ አበባ በረዥሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ለብዙ አዕዋፍ ዋናው መሪ ዝናብ ነው። ዝናቡ ሲጥል ሣሩ ይለመልማል፥ ነፍሳቱም ይበዛሉ፤ በዚያን ጊዜ ቢጫዎቹ ጎጆ ሠሪ ወፎች በግራር ላይ ሥራቸውን ይጀምራሉ። ተባዕቱ የለመለመ የሣር ዘንግ እየሰነጠቀ ጎጆውን ይጎነጉናል፤ ሲጨርስ ከመግቢያው ሥር ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ይጣራል። እንስቷ ትመጣለች፥ ትገባለች፥ ውስጡን ትመረምራለች፤ ካልወደደችው ትሄዳለች። ሣሩ ደርቆ አረንጓዴነቱ ሲጠፋ ተባዕቱ ያንኑ በገዛ አፉ የሠራውን ጎጆ አፍርሶ ሌላ ይሠራል። በሌላ በኩል በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ጭላዳ መውለዱ በአንድ ወር ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ በደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ግን እንደ ማዕረጉ ይለያያል፤ የቤተ ሰብ አለቃ የሆነው ወንድ ከላጤዎቹ ይልቅ የደረቱ ቅላት ይጎላል።

ሰው እንደ ወፍ በቀን ርዝመት የሚነቃና የሚተኛ የመራቢያ አካል የለውም። ይሁን እንጂ የሠርግ ወራት አለው። በኢትዮጵያ ደጋ ሠርጉ የሚበዛው ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፥ ደግሞም ከፋሲካ በኋላ ነው። ይህን ወራት የሚወስኑት ጎተራና ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ እህሉ ተወቅቶ ገብቷል፥ ለጠላው ጌሾና ብቅል ተዘጋጅቷል፥ በሬው አርፏል፥ ጾሙም ገና ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት የሚያስረዳውም ይህንኑ ነው፤ ጥምቀት ታቦት የሚወጣበት በዓል ብቻ ሳይሆን ኰበሌና ልጃገረድ የሚተያዩበት ቀን ነው። ወጣቱ ለወደዳት ልጅ ሎሚ መወርወሩ ያለ ቃል የሚነገር ንግግር ነበር። በላስታና በዋግ በነሐሴ አጋማሽ ልጃገረዶች ተሰብስበው የሚጫወቱት ሻደይም ሃይማኖታዊ ትርጉሙ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፥ የመታያ ጊዜ መሆኑ አይካድም። ስለዚህ ሰው ወራቱን የተቀበለው ከዕጢው ሳይሆን ከኑሮው ነው ማለት ይቻላል።

ዉድሃውስ ይህን ልዩነት ሆን ብሎ ያደበዝዘዋል። በ1921 ባወጣው አንድ አጭር ልብ ወለድ የጸደይ ነፋስ ሲነፍስ ቢንጎ ሊትል የሚባለው ወጣት በአንዲት የሻይ ቤት አስተናጋጅ ፍቅር ይወድቃል። በሚከተሉት ታሪኮችም ይኸው ወጣት ልክ እንደ ተቀጠረ አንዷን ትቶ ሌላይቱን ይወዳል። የሳቁ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወጣቱ ፍቅሩ በዓለም ተወዳዳሪ የሌለው መሆኑን ይምላል፤ አንባቢው ግን ሲያየው እንደ ወፍ ከቀን መቁጠሪያ ትእዛዝ የሚቀበል ይመስለዋል።

ስለ ኒውት

በዉድሃውስ መጻሕፍት ውስጥ የእንስሳት ዓለም ከሁሉ ይልቅ በግልጽ የሚገባው ጋሲ ፊንክ-ኖትል በሚባለው ሰው በኩል ነው። ይህ ሰው ዓይን አፋር፥ ባለ መነጽር፥ በገጠር ብቻውን የሚኖር ሲሆን፥ የሚወደው ነገር ቢኖር ኒውት የሚባለውን ፍጥረት ማርባትና ማጥናት ነው። ኒውት የእንቁራሪት ዘመድ ነው፤ ነገር ግን ካደገ በኋላም ጅራቱን አይጥልም። መልኩ እንሽላሊት ይመስላል፤ ሆኖም ቆዳው ቅርፊት የሌለውና እርጥብ ነው። ይህ ባለ ጅራት ወገን ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ ስለማይኖር ባላገሩ ስም አላወጣለትም። በብሪታንያ በተፈጥሮ የሚገኙት ሦስት ዓይነት ናቸው፤ በብዛት የሚታየው 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው «ለስላሳው ኒውት» የሚባለው ነው።

ለስላሳው ኒውት የዓመቱን ብዙ ክፍል በየብስ ከድንጋይና ከግንድ ሥር ተሸሽጎ ያሳልፋል። ጸደይ ሲደርስ ወደ ኩሬ ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜ የተባዕቱ መልክ ይለወጣል። ከራሱ አንሥቶ እስከ ጅራቱ ጫፍ እንደ ጎፈር ያለ ወለል ያለ ቀጭን ቆዳ ይበቅልለታል፤ የሆዱ ቀለምና የገላው ጥቁር ነጠብጣብ ይጎላል። ቻርልስ ዳርዊንም በ1871 ባሳተመው ስለ ሰው ዘር አመጣጥና ስለ ጾታዊ ምርጫ በሚናገረው መጽሐፍ ይህን የኒውት ጎፈር ጠቅሶታል።

የመተጫጨቱም ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ተባዕቱ እንስቷን ሲያገኝ ቀርቦ ያሸታታል፤ ከዚያም ቀድሞ በፊቷ ይቆማል። ገላውን አጉብጦ ጅራቱን በሦስት ዓይነት ያንቀሳቅሳል። አንድ ጊዜ ጎፈሩ እንዲታይ በቀስታ ያውለበልበዋል፤ አንድ ጊዜ እንደ አለንጋ ይመታል፥ ውሃውም እንስቷን ገፋ ያደርጋታል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ጅራቱን ወደ ጎኑ አጥፎ ጫፉን በፍጥነት ያርገበግባል፤ በዚህም ከገላው የሚወጣው ጠረን በውሃው ተወስዶ ወደ አፍንጫዋ ይደርሳል። እንስቷ ወደ እርሱ ከተራመደች ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፤ ቀጥሎም ዞሮ ጀርባውን ሰጥቷት በዝግታ ይሄዳል። ተከትላው በአፍንጫዋ ጅራቱን ስትነካ የዘር ከረጢት በኩሬው ወለል ላይ ያስቀምጣል። ጥቂት ተራምዶ በጎኑ ያግዳታል፤ እርሷም በከረጢቱ ላይ ስትቆም በገላዋ ታነሣዋለች።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ተባዕቱ እንስቷን አይዝም። ወንዱ እንቁራሪት ሴቲቱን በክንዱ አቅፎ ሲይዝ፥ ለስላሳው ኒውት ግን ያለ እርሷ ፈቃድ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ተስፋው ሁሉ በእርሷ መከተል ላይ ነው፤ ካልተከተለች ድካሙ ከንቱ ነው። ብትከተልም እንኳ ከረጢቱን ስታ ማለፏ የተለመደ ነው። ደግሞም ኒውት የሚተነፍሰው በሳምባ ጭምር ስለ ሆነ፥ በጭፈራው መካከል አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት ግድ ይሆንበታል፤ ሲመለስ እንስቷ ሄዳ ሊያገኝ ይችላል። ይህን ችግር እንግሊዛዊው ሊቅ ቲሞቲ ሃሊዴይ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጥንቃቄ አጥንቶታል። ከዚህም የባሰ አለ፤ ሌላ ተባዕት በመካከላቸው ገብቶ እንደ እንስት ሆኖ የፊተኛውን ጅራት ይነካል፤ የተታለለውም ተባዕት ከረጢቱን በከንቱ ያስቀምጣል።

ስለ ሰንሰለቱ

ዳርዊን በ1871 እንደ ገለጸው የተባዕቱ ጌጥ የሚያድገው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው የተባዕቶች እርስ በርስ መታገል ነው፥ ሁለተኛው የእንስቷ ምርጫ ነው። የመጀመሪያውን ሊቃውንቱ በቶሎ ተቀበሉት። ሁለተኛውን ግን ብዙዎች፥ ከእነርሱም የዳርዊን ባልደረባ አልፍሬድ ዋላስ፥ ሳይቀበሉት ቀሩ፤ እንስት እንስሳ የመምረጥ ችሎታ አላት ብሎ ማመን ከበዳቸው። ጁልያን ሃክስሊ በ1914 ግሪብ በምትባለው ባለ ጉትያ የውሃ ወፍ ላይ ያወጣው ጥናት ደግሞ ጭፈራው የተባዕቱ ብቻ እንዳልሆነ አሳየ፤ በዚህች ወፍ ዘንድ ሁለቱም እኩል ራሳቸውን እየነቀነቁ፥ የውሃ ተክል በአፋቸው ይዘው ደረት ለደረት ይገጥማሉ። በ1975 አሞጽ ዛሃቪ ጌጡ እውነተኛ ምስክር የሚሆነው ከባድ ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው የሚል አሳብ አቀረበ፤ ደካማ ያን ዋጋ መክፈል አይችልምና።

ለአስቂኝ ልብ ወለድ ጥናት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን የኒኮ ቲንበርገን አሳብ ነው። ይህ ሊቅ፥ በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት የተቀበለው፥ ስቲክልባክ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ሲያጠና መተጫጨት ሰንሰለት መሆኑን ገለጸ። የእንስቷ መምጣት የተባዕቱን የጠመዝማዛ ጭፈራ ያስነሣል፤ ጭፈራው እንስቷ ራሷን ቀና እንድታደርግ ያደርጋል፤ የእርሷ ቀና ማለት ተባዕቱን ወደ ጎጆው ያስመራዋል፤ መምራቱም መከተሏን ያመጣል። አንዱ ቀለበት ከጎደለ ሰንሰለቱ ይቆማል። እንስሳው ግን አያፍርም፥ አይጸጸትምም፤ እንደ ገና ይጀምራል።

የሰው ሰንሰለት የሚበጠሰው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ቃል አለ፥ ቃልም ሊሳት ይችላል። ኀፍረት አለ፥ ኀፍረትም አንደበትን ይዘጋል። ዘመድ አለ፥ ዘመድም ይከለክላል። አስቂኙ ልብ ወለድ የሚቆመው በእነዚህ በሦስቱ መሰናክሎች ላይ ነው።

በ1934 በታተመው የጂቭስ ልብ ወለድ ጋሲ ማድሊን ባሴት የምትባለውን ልጃገረድ ይወዳል፤ ልጅቱም ከዋክብትንና አበባን እያየች የምትመሰጥ ናት። ጋሲ በፊቷ በቆመ ቁጥር አንደበቱ ይተሳሰራል። ለወዳጁ ለበርቲ ዉስተር ሲያማርርም የኒውትን ዕድል ያደንቃል፤ ኒውት በእንስቷ ፊት ቆሞ ጅራቱን ማርገብገብ ብቻ ይበቃዋል፤ መናገር አይጠበቅበትምና። ጋሲ እርሱ ራሱ ተባዕት ኒውት ቢሆን ጉዳዩ እንደሚቃናለት ያምናል። አንባቢ በዚህ ስፍራ ይስቃል፤ ነገር ግን ጋሲ የተናገረው በሳይንስ ረገድ ስሕተት የለበትም። ሰው በቃል ምክንያት ካገኘው ክብር ጋር አብሮ የመጣበትን ሸክም በትክክል አመልክቷል።

ቃል የሚስትበትም መንገድ በዚያው መጽሐፍ ይታያል። በርቲ ስለ ጋሲ ሊለምንለት ወደ ማድሊን ይሄዳል፤ ስሙን ሳይጠራ በፍቅር የሚሠቃይ አንድ ልብ እንዳለ ይነግራታል፤ እርሷም የሚናገረው ስለ ራሱ ይመስላታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተከታዮቹ መጻሕፍት ሁሉ ከጋሲ ጋር በተጣላች ጊዜ በርቲን ለማግባት ዝግጁ ትሆናለች፤ በርቲም ስለ ጨዋነቱ እንቢ ማለት አይችልም። በ1949ኙ መጽሐፍ ደግሞ የዘመድ መሰናክል ዋናውን ስፍራ ይይዛል። የግቢው ጌታ ኤስመንድ ሃዶክ ኮርኪ የምትባለውን ተዋናይት ይወዳል፤ በቤቱ ግን አምስት አክስቶቹ ነግሠዋል። ኮርኪ ያቀረበችው ፈተና ጭፈራም ጌጥም አይደለም፤ አክስቶቹን ተቃውሞ ይቁም ነው። በመንደሩ የሙዚቃ ትርኢት ላይ ዘፍኖ ሕዝቡ ካጨበጨበለት በኋላ ድፍረቱ ይመጣለታል። እንግዲህ ዛሃቪ «ከባድ ዋጋ» ያለው እዚህ ቤት አምስት አክስቶች ሆኗል ማለት ነው።

ስለ አማላጁ

በእንስሳት ዓለም አማላጅ የለም። በዉድሃውስ መጻሕፍት ግን የጥንዶቹ ጉዳይ የሚቃናው በራሳቸው ችሎታ አይደለም፤ በአሽከሩ በጂቭስ ብልሃት ነው። በ1934ቱ መጽሐፍ መጨረሻ በጂቭስ ምክር በርቲ በሌሊት የእሳት አደጋ ደወል ይደውላል፤ ሁሉም ከቤት ይወጣሉ፤ በሩ ይቆለፍባቸዋል፤ በርቲ ቁልፍ ለማምጣት በብስክሌት ወደ ሩቅ ይላካል። በሌለበት ሰዓት የተጣሉት ሁሉ በእርሱ ላይ በመናደድ አንድ ይሆናሉ፥ ይታረቃሉም። የጠላት መገኘት ወዳጆችን ያስታርቃል ማለት ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ጂቭስ እንግዳ አይደለም፤ ሥራው የሽማግሌ ሥራ ነው። በባላገር ልማድ የወንዱ ወላጆች ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ከቈጠሩ በኋላ የተከበሩ ሰዎችን ወደ ልጅቱ ወላጆች ይልካሉ። ሽማግሌዎቹ ደጅ ቆመው ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም፤ በመጀመሪያው ቀን መልስ አያገኙም፥ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ይመላለሳሉ። የዚህ ምልልስ ጥቅሙ ትልቅ ነው። እንቢታው ቢመጣ የሚሰማው ሽማግሌ ነው፤ ወጣቱ ፊት ለፊት አያፍርም፤ የሁለቱም ቤት ክብር ይጠበቃል። ጋሲ ፊንክ-ኖትል በጎጃም ወይም በሸዋ ቢወለድ ኖሮ መከራው ግማሹ ይቀርለት ነበር፤ መናገር ያለበት እርሱ አይደለምና።

ልዩነቱም መዘንጋት የለበትም። ሽማግሌው በአደባባይ የሚቆም፥ በዕድሜና በክብር የሚታመን፥ ቃሉ ዋስ የሆነ ሰው ነው። ጂቭስ ደመወዝ ተቀባይ አሽከር ሲሆን የሚሠራው በስውር ነው። ሽማግሌው የሚለምነው ወላጆችን ነው፤ ጂቭስ ግን ወላጆችን ትቶ ሁኔታውን ያዘጋጃል፥ ከዚያም የተጣሉት ልጆች በራሳቸው ፈቃድ የታረቁ ይመስላቸዋል። ስለዚህ አማላጅን በሕዝብ ፊት ማቆም የቀረበት ኅብረተ ሰብ በልብ ወለዱ ጓዳ በኩል እንደ ገና አስገብቶታል ለማለት ይቻላል። ሳቁም አንድ ክፍሉ ከዚህ ይመነጫል፤ ራሱን ችያለሁ የሚለው ወጣት ያለ አማላጅ አንድ እርምጃ መሄድ አልቻለምና።

እንቢ ስለ ማለት

ከዚህ በላይ የተባለው የባላገሩን ልማድ ብቻ ለማመስገን ከዋለ ትልቁ ነገር ይጎድላል። በሽማግሌው ሥርዓት እንቢ የማለት ሥልጣን ያለው የልጅቱ አባት ነበር። ልጅቱ ብዙ ጊዜ አትጠየቅም፤ ሙሽራዋንም በሠርጉ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ታየው ነበር። ሽማግሌው የወጣቱን ፊት ከኀፍረት ሲያድን የልጅቱን ድምፅ ግን አልተሸከመም። ከዚህም የከፋው ጠለፋ ነው፤ በዚያ ሽማግሌ የሚላከው ነገሩ ከተፈጸመ በኋላ፥ የተበደለውን ቤት ለማስታረቅ ነው።

በዚህ ረገድ የሕጉ ታሪክ ብዙ ይናገራል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋብቻ የሚጸናው በተጋቢዎቹ ፈቃድ መሆኑን ሲደነግግ፥ የሴቲቱን ዝቅተኛ ዕድሜ 15፥ የወንዱን 18 አደረገ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አድርጎታል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባ ከክስ ይድን ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን መሸሸጊያ አስቀርቶታል። እነዚህ ዓመታት የሚያሳዩት ሥልጣኑ ከአባት ደጅ ወደ ልጅቱ አንደበት በሕግ በኩል በዝግታ መሸጋገሩን ነው።

አስቂኝ የመተጫጨት ልብ ወለድ ሊኖር የሚችለው ይህ ሽግግር በተፈጸመበት ዓለም ብቻ ነው። በዉድሃውስ መጻሕፍት ማንም ሴት ተገድዳ አትዳርም። ማድሊን ጋሲን ደጋግማ ታሰናብተዋለች፥ ደጋግማም ትመልሰዋለች፤ ማንም አይነካትም። ኮርኪ ፈተና ትሰጣለች፥ ባላባቱም ይፈተናል። እንቢ ማለት የተነፈገው በርቲ ብቻ ነው፤ በጨዋነት ሕግ የታሰረው ወንዱ መሆኑ ራሱ ሳቁን ያመጣል፤ የልማዱ ሚዛን ተገልብጧልና። የዚህ ሰው ፍርሃት ሊያስቅ የሚችለውም የሴቲቱ ነፃነት አስተማማኝ ስለ ሆነ ነው። ነገሩ ቢገለበጥና የምትፈራው ልጅቱ ብትሆን አንድም አንባቢ አይስቅም።

ጋሲ ኒውትን የቀናበት ጅራት ማርገብገብ ስለሚበቃው ነበር። ነገር ግን ኒውት ለሰው የሚያስተምረው ሌላ ነገር አለ። ያ ትንሽ ፍጥረት በጎፈሩ ቢያጌጥም፥ በጅራቱ ቢመታም፥ የሚጠብቀው የእንስቷን መከተል ነው፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፥ መከተሏን የሚያውቀው አፍንጫዋ ጅራቱን ሲነካ ነው። ይህም የሆነው ተፈጥሮ መያዣ ክንድ ስላልሰጠችው እንጂ ኒውት ጨዋ ስለ ሆነ አይደለም። ሰው ግን ክንድ አለው፥ ሕግም አለው። ስለዚህ የእንስሳ ምሳሌ ለሰው ሕግ ሊሆን አይገባም፤ እንቁራሪቱም የእንስሳ ምሳሌ ነውና፥ ማንም የሚወደውን መርጦ ሊጠቅስ ይችላል።

በዛሬው የኢትዮጵያ ከተማ ወጣቶቹ አስቀድመው ራሳቸው ይስማማሉ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይላካል። አንዳንዶች ይህን ባዶ ሥርዓት ነው ይሉታል። ነገር ግን ከላይ የተመለከተው ሁሉ ሌላ ፍርድ ይሰጣል። የልጅቱ ድምፅ ቀድሞ ከተሰማ፥ የሽማግሌው ምልልስ በሁለቱ ቤቶች መካከል ክብርን ያጸናል እንጂ ነፃነትን አይወስድም። አማላጁ በስውር እንደ ጂቭስ ከሚሠራ በግልጽ ቢቆም ይሻላል፤ እርሱ የሚቆመው ግን የእርሷ መልስ ከታወቀ በኋላ ሊሆን ይገባል።